ክንፍ ያዥ

እኔና ባለቤቴ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ነገር የአንዲት ትንሽ ተዋጊ አውሮፕላን መስታወት በፕላስተር መሸፈን ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። አውሮፕላኗ ከመዳፌ ጥቂት ትበልጣለች፤ በሳጥን ከሚመጣ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ የተገጣጠመች ናት። አብራሪው የሚቀመጥበት ላይ የሚደፋው መስታወትም ፕላስቲክ ነው፣ ብቻ ብርሃን ያሳልፋል። ክፈፉ መቀባት አለበት፤ መስታወቱን ግን ቀለም ሊነካው አይገባም። ስለዚህ ቤት ቀቢዎች የመስኮት ጠርዝ ላይ የሚለጥፉትን የወረቀት ፕላስተር እኔ በምላጭ አቅጥኜ እቆርጣለሁ፣ እሱ በወረንጦ ተቀብሎ ይለጥፋል።

“አጣመምሽው” አለኝ።

“የቱ ጋ?”

“የቱ ጋ ብለሽ ከጠየቅሽማ አይታይሽም ማለት ነው። ሌላ ቁረጪ።”

ሌላ ቆረጥኩ። እሱንም አጣመምሽው አለ። ሦስተኛውን ምንም ሳይናገር ተቀበለኝ። ከእሱ ያገኘሁት ምስጋና ሁሉ እንደዚያ ያለ ነበር፤ የሚለው ሲያጣ ዝም ይላል።

ቀለሙን የሚረጨው እንደ እስክርቢቶ በቀጠነች መርጫ ነው። መርጫዋ አየር ትፈልጋለች፣ እኛ ደግሞ ኮምፕረሰር የለንም። ያለን አንድ የፒክአፕ ጎማ ነበር። ጎሚስታ ቤት ወስጄ አስነፋዋለሁ፣ እያንከባለልኩ እመልሰዋለሁ፣ እሱ በቀጭን ቱቦ ከመርጫዋ ጋር ያገናኘዋል። ጎማው እስኪተነፍስ ድረስ ቀለም ይረጫል፤ ሲተነፍስ እንደገና እሄዳለሁ። እሱ ጎማ እያንከባለለ አሰላ መንገድ ላይ አይታይም። የኮምባይነር መካኒክ ነው፤ ከኢተያ እስከ ኦጎልቾ ስንዴ የሚያሳጭድ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔም መዝገብ ቤት ተቀጥሬ እስከ ጡረታ የሠራሁ ሴት ነኝ፣ የሚያውቀኝ አላጣሁም። ይህን አንድ ቀን ብነግረው “አንቺን ቢያዩሽ ምን ይቀርብሻል?” አለኝ።

ጎሚስታዎቹ ከሩቅ ሲያዩኝ ይጀምሩኛል።

“እትዬ፣ መኪናዋን መቼ ነው የሚያሳዩን?”

“ሦስቱ ጎማ ሲሟላ።”

“ታዲያ ይህን ያህል ጊዜ አንድ ጎማ ብቻ ነው እንዴ የተገኘው?”

“አንዱም የተገኘው ባል ስላለኝ ነው።”

ያን እሁድም እንዲሁ ተባብለን ተመለስኩ። እሱ መስኮቱን ከፍቶ፣ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ ግራጫውን ቀለም ረጨ። ከጨረሰ በኋላ አውሮፕላኗን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጣት።

“ነገ ጠዋት ፕላስተሩን አነሳዋለሁ። ከቆየ ማጣበቂያው መስታወቱ ላይ ይቀራል፣ ቀለሙም ከጠርዙ እየተቀረፈ ይመጣል። ማንም እንዳይነካት።”

ማንም ያለው እኔን ነው። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። እራት በላን፣ ዜና አየን፣ የቀለሙ ቲነር ራሴን አሳመመኝ አልኩት፣ እሱም ሁልጊዜ ያመኛል ነው የምትዪው አለኝ፣ ተኛን።

በማግስቱ ሳይነጋ ለሱብሒ ሶላት ሊታጠብ፣ ውዱእ ሊያደርግ ወጥቶ ቧንቧው ሥር ወደቀ። ባጃጅ ተጠርቶ እስኪመጣ እንኳ አልቆየም። በዚያው ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ቀበሩት።

እነዚህ አውሮፕላኖች ወደ ቤታችን የገቡት በእህቱ በኩል ነው። እህቱ ለብዙ ዓመት ጅዳ ትሠራ ነበር። በተጋባን በዓመቱ ለዒድ ከሚመጣ ሰው ጋር አንድ ሳጥን ላከች። ሳጥኑ ላይ ባሕር ላይ እሳት የሚተፋ አውሮፕላን ተስሏል። በስልክ “ለሚወለደው ልጅ ነው” አለችን። ሳጥኑን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥነው። ልጁ አልመጣም። በሁለተኛው ክረምት፣ ኮምባይነሮቹ ሁሉ ቆመው ሥራ በሌለበት ወራት፣ ባለቤቴ ሳጥኑን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አደረገውና “ልጁ እስኪመጣ ፕላስቲኩ ያረጃል” ብሎ ከፈተው።

በሚቀጥለው ዒድ ሌላ ሳጥን መጣ። “የፊተኛውን ልጁ ሰብሮት ይሆናል ብዬ ነው” አለች። ልጅ እንደሌለ ታውቃለች። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ላከች፣ በየዓመቱም ስልኩን ለእኔ እንዲያቀብለኝ እየጠየቀች ለልጁ ነው አለችኝ። አንድ ጊዜ ለእሱ “ተው በላት” ብዬው ነበር። “ነፃ የመጣ ነገር ይመለሳል እንዴ?” አለ። በዚያን ጊዜ እጁ ሥራውን ለምዶት ነበር፤ ያለ አውሮፕላን ክረምቱን ማሳለፍ አይችልም።

ሐኪም ቤት እኔ ብቻ ሄድኩ። አዳማ ድረስ ሄጄ ተመረመርኩ፣ ምንም የለብሽም፣ ባለቤትሽን ይዘሽው ነይ ተባልኩ። እሱ አልሄደም። ለእህቱም ይህን አልነገራትም። እኔም አልነገርኳትም፤ እሱ በሕይወት እያለ የእሱ ነገር ነው ብዬ።

ከጎማውና ከፕላስተሩ ሌላ ሥራው ላይ ሁለት ነገር የእኔ ነበር። አንዱ፣ ሳጥኑና ቀለሙ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ማንበብ ነው። ይህን ሲያስነብበኝ አያየኝም፣ ወረቀቱን ብቻ በጣቱ ወደ እኔ ይገፋዋል። ሁለተኛው ክንፍ መያዝ ነው። ክንፉ ከአካሉ ጋር ከተጣበቀ በኋላ ማጣበቂያው እስኪይዝ ድረስ ወደ ታች ማዘንበል የለበትም። እኔ በሁለት ጣቴ ከሥር ደግፌ እይዛለሁ። እሱ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ጉንጩን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ፣ ሁለቱ ክንፎች እኩል መሆናቸውን ያያል።

“ተንቀሳቀስሽ።”

“ተነፈስኩ እንጂ አልተንቀሳቀስኩም።”

“እንግዲያው ቀስ ብለሽ ተንፍሺ።”

አንድ ክረምት ላይ ማጣበቂያው ከመገጣጠሚያው ፈስሶ ጣቴን ከክንፉ ጋር አጣበቀው። ነገርኩት። መጀመሪያ ያየው ክንፉን ነው። ሙቅ ውሃ ላምጣና ቀስ ብዬ ላላቀው ስለው፣ ውሃ ቀለሙን ያበላሸዋል ብሎ እጄን ያዘና ሳበው። የጣቴ ቆዳ ክንፉ ላይ ቀረ። እኔ ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ ቆሜ፣ እሱ የብርጭቆ ወረቀት አንሥቶ ቆዳዬን ከክንፉ ላይ ፋቀው። ሲጨርስ በብርሃን አዟዙሮ አየውና “አይታወቅም” አለ።

ደግ ሰው ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ለቅሶ የመጣው ሁሉ እንዲያ ብሏል። ደግ አልነበረም። ግን የግቢያችንን በር ሲከፍት መጀመሪያ በትከሻው ገፋ አድርጎ፣ ከዚያ መቀርቀሪያውን ያነሣ ነበር። ለሠላሳ ዓመት ያህል ያን ድምፅ ስሰማ ድስት ውስጥ ያለውን ወጥ ማሞቅ እጀምራለሁ። አሁን በሩ ሌላ ዓይነት ድምፅ እያወጣ ይከፈታል፤ በከፈተው ሰው እበሳጫለሁ።

ለቅሶው ሦስት ቀን ነበር። ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ፣ እኛ ሴቶቹ ሳሎን። እኔን ከግድግዳው ሥር ፍራሽ ላይ አስቀመጡኝ። ባሏ የሞተባት ሴት በእኛ ዘንድ ከተቀመጠችበት አትነሣም። ጎረቤት ያበስላል፣ ጎረቤት ያጥባል፣ ውሃ ቢጠማት ይመጣላታል። ተነሥታ ዕቃ ያነሣች ያስቀመጠች እንደሆነ ሐዘኑ አልገባትም ይባላል። የተቀመጥኩት ከቁም ሳጥኑ ፊት ለፊት ነው። አናቱ ላይ አውሮፕላኗ ከነፕላስተሯ ትታየኛለች። ጎኑ ያለው መደርደሪያ ላይ ደግሞ የቀሩት በሙሉ ተደርድረዋል።

በመጀመሪያው ቀን ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ያቺ ፕላስተር ጠዋት መነሣት ነበረባት። ሰዎቹ ስለ ሞት ይናገራሉ፣ እኔ ማጣበቂያው መስታወቱ ላይ ሲደርቅ ይታየኛል። አጠገቤ የነበረችውን ጎረቤቴን ቀስ ብዬ ጠራኋት።

“ያቺን አውርጂና ፕላስተሯን አንሺልኝ።”

“የቷን የኔ እናት?”

“አውሮፕላኗን። ዛሬ ካልተነሣ ይበላሻል።”

እጄን ያዘችና “እሺ፣ እሺ፣ አይዞሽ” አለችኝ። ከዚያ ዞር ብላ ለሌላዋ “አሻንጉሊት አምጡልኝ ትላለች፣ ምስኪን፣ ራሷን ስታለች” ስትል ሰማኋት። ሁለተኛ አልጠየቅኩም።

የባሌ እህት ከጅዳ ከተመለሰች በኋላ ኢተያ ሱቅ ከፍታ ነው የምትኖረው። ከቀብሩ ጀምሮ ቤቴ ነበረች፤ ሴት ልጆቿና የልጅ ልጆቿም አብረዋት። በሁለተኛው ቀን ዝናብ ስለያዘ ልጆቹ ውጭ መጫወት አልቻሉም። ማልቀስ ጀመሩ። እሷ ተነሣች፣ መደርደሪያው ጋ ሄደች፣ አንዱን አውሮፕላን አንሥታ ለአንዱ ሰጠች። ከዚያ ለሌላው።

አንዲት እንግዳ “ተይ እንጂ፣ የሟች ነገር አይደለም ወይ?” አለቻት።

“ሟች መቼ ገዛው? እኔ ነኝ የላክሁት። ለልጅ ብዬ ነው የላክሁት፤ ይኸው ልጅ መጣ።”

“ለልጅ ከሆነማ።”

“ዕድሜ ልኳን አውሮፕላን ስትወልድ ኖራ” አለች፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ “አንድ አብራሪ አጣች።”

ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የሳቁ ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ወጥ ይዘውልኝ የመጡ ሴቶች ናቸው።

አውሮፕላን መጀመሪያ የሚሰበረው እግሩ ነው። እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ ስለሆነ ልጁ ምንጣፉ ላይ ሲያሳርፈው ይቀነጠሳል። ቀጥሎ የመድፉ አፈሙዝ፣ ቀጥሎ ጅራቱ። ክንፉ ጠንካራ ነው። ክንፉን ለመስበር ልጁ ሊቀመጥበት ይገባል፣ ተቀመጠበትም። እያንዳንዱን ስብራት በድምፁ አወቅኩት። የትኛው ክረምት እንደተሠራ፣ ቀለሙን ለመርጨት ስንት ጊዜ ጎማ እንዳንከባለልኩ ትዝ አለኝ። ቆዳዬ የተፋቀበትም ከእነዚያ አንዱ ነበር። አንዱን ልጅ በስሙ ጠርቼ “ቀስ” አልኩት። የባሌ እህት ሰማች።

“ለልጅ ቀስ አይባልም። ልጅ ቢኖርሽ ታውቂው ነበር።”

የአዳማው ሐኪም ያለኝ ነገር ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ለወንድሟ ዱዓ እያደረጉለት ነበር። ዋጥኩት።

በሦስተኛው ቀን መደርደሪያው ባዶ ሆነ። የቀረችው ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ያለችው ብቻ ናት። ከልጆቹ ሁሉ ትንሿ፣ ጥርስ የምታወጣዋ፣ ምንም አልደረሳትም ነበርና ታለቅሳለች። የባሌ እህት ወንበር ስባ ወጣችና አወረደቻት።

“ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው ፕላስተር የለጠፉባት? ቆስላ ነው?”

እያወራች በጥፍሯ ጫፉን ያዘችው። ትንፋሼን ያዝኩ። ሦስት ቀን ያለፈው ፕላስተር ስለሆነ ሙጫውንና የተቀረፈውን ቀለም እየጠበቅኩ ነበር። እሷ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ስባ አነሣችው። አንዱን፣ ሌላውን፣ ሌላውን። ምንም አልቀረም። መስታወቱ ጥርት ብሎ ወጣ፣ የክፈፉ መሥመር እንደ ምላጭ ቀጥ ያለ ነው። ከሠራናቸው ሁሉ እንደዚያ የጠራ አላየሁም። ቀና ብዬ እሱን ፈለግሁት። እንዲያ ያለ ነገር ሲሆን ቀና ማለት ለምዶብኝ ነው።

ፕላስተሩን አጣጥፋ መሬት ጣለችው፣ አውሮፕላኗን ለሕፃኗ ሰጠቻት። ሕፃኗም የአውሮፕላኗን አፍንጫ አፏ ውስጥ ከተተች።

ተነሣሁ።

እግሬ ደንዝዞ ስለነበር የሴቶቹን ጉልበት እየረገጥኩ ነው የሄድኩት። ከበቆጂ የመጡ አንዲት አሮጊት ቀሚሴን ይዘው “ታኢ፣ ታኢ” ይሉኛል፤ ተቀመጪ ማለታቸው ነው። ሌላዋም ያዘችኝ። ጎትቼ አስለቀቅኩ። አውሮፕላኗን ከሕፃኗ አፍ አወጣኋት። ሕፃኗ በኃይል ጮኸች። ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ፤ ከድንኳኑ የሚቀራው ቁርአን ይሰማል።

የባሌ እህት ድምፅዋን አላነሣችም።

“አያችሁ አይደል?” አለች። “ወንድሜ ከዚህ ቤት በቃሬዛ ሲወጣ ከፍራሿ ንቅንቅ አላለችም። ለፕላስቲክ ተነሣች።”

እሱ በቃሬዛ ሲወጣ ሁለት ሴቶች ትከሻዬን ተጭነው ይዘውኝ ነበር። ሁለቱም አሁን ክፍሉ ውስጥ ናቸው፣ ሁለቱም ምንጣፉን ያያሉ።  አውሮፕላኗን ሻርፔ ሥር አድርጌ፣ ምራቁ እጄን እያረጠበኝ፣ ወደ ፍራሼ ተመለስኩ። እስከ ማታ አላወጣኋትም።

ይህ ንግግር ከእኔ በፊት ከተማውን ዞረ። በቆጂ አንድ ሰርግ ላይ “ለፕላስቲክ የተነሣችው” ተብሎ ስለ እኔ እንደተወራ የነገረችኝ የገዛ የእናቴ ልጅ ናት፤ የነገረችኝም እየሳቀች ነው። ለቅሶው ሲበተን የባሌ እህት ያልተሰበሩትን በካርቶን ጭና ወሰደች፣ የተሰበሩት በሳፋ ተጠርገው ለእኔ ቀሩ። በሩ ላይ ስማኝ “ጠንክሪ” አለችኝ። አልጋው ሥር ግን ማንም አላየም። እዚያ ባለቤቴ ጡረታ ስወጣ እሠራቸዋለሁ እያለ ያስቀመጣቸው ያልተከፈቱ ሳጥኖች ነበሩ።

ከዚያ ዒዳ ተቀመጥኩ። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ ሳትርቅ፣ ሳታጌጥ የምትቀመጠው ነው። መጀመሪያ እንግዳ ነበረ፣ ቀጥሎ ዘመድ፣ ቀጥሎ ማንም አልነበረም። ክረምት ነው፣ የጭላሎ ተራራ ጉም እስከ ግቢያችን ይወርዳል። አንድ ቀን ከሳጥኖቹ አንዱን ስቤ አወጣሁና ከፈትኩት። ለምን እንደከፈትኩት ለመጻፍ ብዙ ሞክሬ አጥፍቼዋለሁ። ሥራ ፈትቼ ነው።

ጎሚስታ ቤት መሄድ ስለማልችል በብሩሽ ቀባሁት። እሱ በብሩሽ የተቀባ አውሮፕላን በር ነው ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ የብሩሹ መንገድ ሁሉ ይታያል፣ የቀበሌ በር መሰለ። ክንፉም አስቸገረኝ። በአንድ እጄ አካሉን፣ በሌላው ክንፉን ይዤ፣ ከፊት ለፊት ሆኖ እኩል ነው አይደለም የሚለኝ የለም። የመጀመሪያው አውሮፕላን አንድ ክንፉ አዘንብሎ ደረቀ።

ሁለተኛውን ስሠራ ዝናብ መጣና የተሰጣ ልብስ ላነሣ ወጣሁ። የልብስ መቆንጠጫዎቹን እንደ ልማዴ አፌ ውስጥ ይዤ ገባሁ። ጠረጴዛው ጋ ደርሼ ሳወጣቸው አየኋቸው። ክንፉን ለጠፍኩና አንዱን ከላይ አንዱን ከሥር አድርጌ ቆነጠጥኩት። ለቀቅኩት። ቆመ። ልብሱን አጥፌ ጨረስኩ፣ መብራት ጠፍቶ መጣ፣ ተመልሼ ጉንጬን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቼ አየሁ። ሁለቱ ክንፎች እኩል ነበሩ። በእኔ ጣት ከተያዙት ሁሉ የተሻለ እኩል ነበሩ።

የልብስ ማስጫው ገመድ ሁልጊዜ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ነው። እሱ ሲሠራ የሚቀመጥበት ወንበር ወደዚያ ያያል። ዕድሜውን በሙሉ ብረት በሞርሳ ሲያሲዝ የኖረ መካኒክ ነው። መቆንጠጫ ትዝ አላለውም ብዬ ራሴን ላሳምን ሞክሬ አልቻልኩም። ያን ሁሉ ክረምት፣ ትንፋሼን እየቆጠብኩ፣ ከፊት ለፊቱ ያስቀመጠኝ ለምንድን ነው? ሊያሠቃየኝ ነው የሚለው ሲመጣብኝ ቀለሙን ከድኜ እነሣለሁ። ሌላው መልስ ሲመጣብኝ ደግሞ የባሰ ነው፤ የዚያን ቀን ምንም ሳልሠራ ይመሻል።

ዒዳዬ ሲያልቅ ጎማውን እያንከባለልኩ ጎሚስታ ቤት ሄድኩ። ከሩቅ አይተውኝ ተነሡ፣ ጎማውን ከእጄ ተቀበሉኝ፣ “አላህ ያጽናዎት እትዬ” አሉኝ። ስለ መኪናዋ ማንም አልጠየቀኝም። ነፍተው ሲሰጡኝ “ገና አንድ ጎማ ነው” አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ።

ያቺ የመጨረሻዋ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ናት። አፍንጫዋ ላይ የጥርስ ምልክት አለ፤ አልፋቅሁትም። አሁን ሦስተኛውን ሳጥን እየሠራሁ ነው። ክንፉን በሁለት መቆንጠጫ አስይዘዋለሁ፣ እስኪደርቅ ድረስ ልብስ አጥባለሁ።